ትርንጎና የሦስቱ አገር ቃሬዛ

በሉ ተጠጉ። ጉሮሮዬ እንደ ድሮው አይደለምና ተጠግታችሁ ተቀመጡ። እናንተም ከኋላ ያላችሁት ሹክሹክታውን ተዉት። የቃሬዛ ማህበር ልግባ ብሎ መጥቶ የማህበሩን ነገር የማይሰማ ሰው ምን ሊሸከም ነው?

በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ ኬላ እንጂ መንገድ ባልነበረበት ጊዜ፣ ሦስት አገሮች ነበሩ። ላይኛው ጉም አምባ ይባላል። መካከለኛው ቁልቋል በር ይባላል። ታችኛው ሸንበቆ ሜዳ ይባላል። ከሦስቱም ባሻገር ፍልውሃ አለ። ፍልውሃው ዳር ስብራት የሚጠግኑ ወጌሾች ነበሩ። የተወጋ የሚያድኑ፣ ምጥ የጠናባትን የሚያገላግሉም ነበሩ። መድኃኒቱ ሁሉ እዚያ ነው፤ ሕመምተኛው ደግሞ እዚህ ነው። በመሃል ሦስት ገዥ፣ ሦስት ቋንቋና የትየለሌ ቂም አለ።

በዚያ ዘመን አንድ ክፉ ሕግ ነበር። ሕመምተኛ በማን እጅ ላይ ሆኖ ከሞተ፣ ደሙ ከዚያ ሰው ይፈለጋል። አብልተኸው ይሁን፣ አጠጥተኸው ይሁን፣ ተሸክመኸው ይሁን ለውጥ የለውም። እስትንፋሱ በአንተ እጅ ላይ ከወጣ ወንድሞቹ ጦር ይዘው ይመጡብሃል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የራሱን ሕመምተኛ እስከ አገሩ ድንበር ብቻ ይሸከማል። በጉም አምባና በቁልቋል በር ድንበር ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ከሾላው ሥር ያስተኛዋል። ውሃ በቅል ያኖርለታል። አልቅሶ ይመለሳል። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱ ቢገደል ልጆቹን ማን ያሳድግለታል?

ከሾላው አጠገብ አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ስሟ ትርንጎ ነው። ድንበር ላይ በመኖሯ የጉም አምባንም የቁልቋል በርንም ቋንቋ ታውቃለች። ቆዳ ትፍቃለች፣ ጠፍር ታወጣለች፣ አልጋ ትወጥራለች። ፋቂ ናት ተብላ ከመንደር ውጭ ነው የምትኖረው። ትሸታለች ይሏታል። ቡዳ ናት ይሏታል። እሷ በወጠረችው አልጋ ላይ ተኝተው ያድራሉ፣ እሷ በፋቀችው ቆዳ በተሠራ ኮርቻ ላይ ይቀመጣሉ፣ በደጇ ሲያልፉ ግን አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ዛሬም እንዲህ የሚያደርግ አለ፤ ስም አልጠራም።

ሾላው ሥር የተጣሉትን የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። ውሃ ሲሉ ትሰማለች። እናታቸውን ሲጠሩ ትሰማለች። ዝም ሲሉም ትሰማለች። ውሃ ታጠጣቸው ነበር። ጥላ ትሠራላቸው ነበር። ሲሞቱ ትቀብራቸው ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር ይደረጋል ብላ አስባ አታውቅም። እያደር ግን ያ ዝምታ ይበላት ጀመር። ቆዳውን ዘርግታ እጇ ሥራ ይፈታል፤ ዓይኗ ወደ ሾላው ይሄዳል።

የመጀመሪያው ፈተና እንዲህ ነው።

ጉም አምባ ውስጥ ጓንጉል የሚባል ማር ቆራጭ ነበር። በትርንጎ ደጃፍ ሲያልፍ አፍንጫውን መያዝ አልበቃው ብሎ ዓይኑንም የሚጨፍን ሰው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከገደል ወደቀ፤ ጭኑ ተሰበረ። ወንድሞቹ ተሸክመው አመጡት። ከሾላው ሥር አስተኙት። አልቅሰው ተመለሱ። ሲሄዱ ትልቁ ወንድም ዞሮ ትርንጎን አያት። ሊናገር ፈለገ፤ አፈረ፤ ሄደ።

ትርንጎ ለአንድ ባላባት ልጅ ሠርግ የወጠረችው አዲስ የጠፍር አልጋ ነበራት። እግሮቹን ነቀለች። በግራና በቀኝ ረዣዥም የወይራ እንጨት አሰረችበት። ጠፍሩን አጠበቀች። ጓንጉልን አስተኛችበት። የፊቱን ጫፍ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ የኋላው መሬት ለመሬት እየተጎተተ ሄደ። ጓንጉል በየድንጋዩ ይጮኻል። እሷም «ጩህ ወንድሜ፣ ጩህ! ድምፅህን እየሰማሁ ልሂድ» ትለዋለች።

ቁልቋል በር ኬላ ላይ ዘርጋው የሚባል ጠባቂ ነበር። ጠብደል ሰው ነው። ጦሩን አጋድሞ መንገዱን ዘጋባት።

«ቁሚ! የማን ሰው ነው?»

«የእናቱ ልጅ ነው። እግሩ ተሰብሯል፣ ወጌሻ ዘንድ ልወስደው ነው። ኋላውን ያዝልኝ አያ ዘርጋው።»

«በእጄ ላይ ቢሞትስ? ደሙን ማን ይመልሳል?»

«ደሙ በእኔ ላይ ይሁን።»

ዘርጋው ከት ብሎ ሳቀ። «የአንቺን ደም ማን ይፈልገዋል? ፋቂ ገድሎ የፎከረ ማን አለ?»

«እሱን ነው እኮ የምልህ! ማንም አይፈልገውም። ደሙ በእኔ ላይ ከሆነ እዚያው ተቀበረ ማለት ነው። እንግዲህ አንተን የሚያስፈራህ ምንድን ነው?»

ዘርጋው ቢያስበው ቢያስበው እውነቷን ነው። ጦሩን ከአንድ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ኋላውን ያዘ። ያ ጦር እዚያው ዝጎ ቀረ ይላሉ። እሱን እንኳ እኔ አላምንም፤ ሚስቱ ሳታነሳው አትቀርም።

ሸንበቆ ሜዳ ኬላ ሲደርሱም ያንኑ አለች። ቋንቋዋን የሚያውቅ አንድ ጨው ነጋዴ አስተረጎመላት። እዚያም ሳቁ፣ እዚያም እንጨት ያዙ። ጓንጉል ፍልውሃ ደረሰ። ወጌሾቹ ጠገኑት። ቆይቶም እያነከሰ በእግሩ ተመለሰ። ከዚያ ሾላ ሥር ተጥሎ በሕይወት ወደ ቤቱ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው ጓንጉል ነው። በትርንጎ ደጃፍ ሲያልፍ አፍንጫውን አልያዘም። ጎንበስ ብሎ ገባና «እንጨት ልያዝልሽ ነው የመጣሁት» አላት።

ወሬው ተሰማ። ሸክላ ሠሪው መጣ። ሸማኔው መጣ። ቀጥቃጩ መጣ። ደሙ የማይፈለግ ሁሉ መጣ። ቃሬዛው በዛ። በየኬላው «የማን ሰው ነው?» ይባላሉ። «ደሙ በትርንጎ ላይ ነው» ይላሉ። ያልፋሉ።

ሁለተኛው ፈተና ጦርነት ነው።

ቁልቋል በርና ሸንበቆ ሜዳ በአንድ ወንዝ ተጣሉ። ከብት የሚያጠጡበት ወንዝ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። የቁልቋል በር ሰው ወረደ። የሸንበቆ ሜዳ ሰው ወጣ። ወንዙ ዳር ተገናኝተው ተጨራረሱ። የወደቀው ወድቆ የቆመው በየወገኑ አፈገፈገ። ቁስለኛው በመሃል ሜዳ ፀሐይ ላይ ቀረ። የቁልቋል በሩና የሸንበቆ ሜዳው ጎን ለጎን ተጋድሞ ውሃ ይላል፤ ውሃው ደግሞ እዚያው አጠገቡ ይፈሳል።

ትርንጎ ቃሬዛዎቿን አስይዛ ደረሰች። ግን ነገሩ አልሆነም። ተሸካሚዎቿ የሸንበቆ ሜዳ ቁስለኛ ሲያነሱ ከቁልቋል በር በኩል ጦር ይወረወራል። የቁልቋል በሩን ሲያነሱ ከወዲያ ይወረወራል። አንድ ሸማኔ ጀርባው ላይ ተወጋ። የቀሩት ፈርተው ተኙ። ደሜ አይፈለግም ያለ ሁሉ፣ ጦር ሲመጣ ደሙ እንደሚፈስ ያን ጊዜ ነው የገባው።

ትርንጎ ተናደደች። መቼም እሷ ስትናደድ ነው የምትበልጠው። ሜዳው መካከል ሄዳ ቆመች። ወደ ቁልቋል በር ዞራ «አንድ ሰው ስጡኝ!» አለች። ወደ ሸንበቆ ሜዳ ዞራ በጣቷ አንድ አሳየች፤ ወደ ቃሬዛውም ጠቆመች። ከዚያ ከወዲህ ዘርጋው ወጣ። ከወዲያ ደግሞ ወንድሙ ሜዳው ላይ የወደቀበት አንድ ሰው ወጣ። ትርንጎ ዘርጋውን ከፊት፣ የዚያን አገር ሰው ከኋላ አደረገቻቸው። ቁስለኛ አስነሳቻቸው። ወደ ሁለቱም ወገን ዞራ «በሉ እንግዲህ ወርውሩ!» አለች።

ማን ይወርውር? የወረወረ የገዛ ወገኑን ሊወጋ ነው። ጦር የሰበቀ ክንድ ሁሉ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እየተጠራሩ ወጡ። ፊቱን የአንዱ አገር ሰው፣ ኋላውን የሌላው አገር ሰው ያዘ። ቋንቋ ለቋንቋ አይሰማሙም። ሲያነሱ «እህ» ይላሉ፤ ሲያስቀምጡ «እህ» ይላሉ። ለሸክም እሱ በቃቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ፊታውራሪ ክንዱ ጫር ጫር ያለ የወንድሙን ልጅ ይዞ መጣ። «ይሄ ይቅደም!» ብሎ ጮኸ። ልጁም አብሮ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ መጮህ የቻለ ትንሽ ይቆይ» አለችው ትርንጎ። «ዝም ያሉትን ነው የማስቀድመው።»

ፊታውራሪው ጎራዴውን ጨበጠ። «ያዟት!» ሊል ዙሪያውን አየ። ወታደሮቹ ሁሉ እንጨት ይዘዋል። የሚያዝዘው ሰው አጣ። ጎራዴውን ለቀቀና ቁጭ አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙ ዳር አንድም ቁስለኛ አልቀረም። አንድም ተዋጊ አልቀረም፤ ሁሉም ሸክም ላይ ነው። ጦርነቱን ያሸነፈው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትርንጎ ናት።

ታዲያ ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሸንበቆ ሜዳው ገዥ ሹም ቡሽራ ትልቅ ጉባኤ ጠራ። ትርንጎን ካባ አለበሳት። «ከዛሬ ጀምሮ ፋቂ የሚላት እንዳልሰማ። ልጃችን ናት። ደሟ ደማችን ነው» አለ። የቁልቋል በሩ ገዥ ላለማነስ ያንኑ ደገመ። ጉም አምባም ሰምቶ ያንኑ አወጀ። እልልታው ቀለጠ። ሸክላ ሠሪው አለቀሰ፣ ቀጥቃጩ ዘለለ። ትርንጎ ግን ካባውን እንደለበሰች ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምነው?» አላት ዘርጋው። «ክብር ከፋሽ እንዴ?»

«አያ ዘርጋው፣ ደሜ ዋጋ አወጣ እኮ። እስከ ዛሬ የሞተውን ሁሉ በእኔ ላይ ይሁን ስል ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም። ከእንግዲህ እኔን መግደል ያስፎክራል።»

ዘርጋው ነገሩ ገባው። «ታዲያ ተይዋ! ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ላይ ነው ማለቱን ተይው።»

«እሱን ከተውኩ ማን ያነሳቸዋል? ሾላው ሥር ሆኖ የሚጣራውን የምትሰማው አንተ አይደለህም» አለችው።

ሦስተኛው ፈተና ይሄ ነው።

ጉም አምባ ላይ ባላምባራስ ወንድይራድ የሚባሉ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። ይልቃል የሚባል አንድ ልጅ ብቻ አላቸው። ይልቃል ጉግስ ሲጫወት ከፈረስ ወደቀ፤ ደረቱ ተሰበረ። ባላምባራስ ራሳቸው እስከ ሾላው ሸኙት። ትርንጎን «ልጄን አደራ» አሏት። «በእኔ ላይ ይሁን» አለች። ከልማዷ ነው፣ ግን በዚያን ቀን ከማለቷ በፊት ካባዋን አየት አደረገች ይባላል።

ተሸክመውት ሄዱ። ጉም አምባ ለቁልቋል በር አስረከበ። ቁልቋል በር ለሸንበቆ ሜዳ አስረከበ። ትርንጎ ከቃሬዛው ሳትለይ እጁን ይዛ ትሄድ ነበር። የፍልውሃው እንፋሎት ከሩቅ ሲታይ ይልቃል እጇን አጥብቆ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀ። ሞተ። ተሸካሚዎቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ትርንጎ ዓይኑን ከደነችለት። «ወደ አባቱ እንመልሰው» አለች። ሸንበቆ ሜዳ ለቁልቋል በር አስረከበ። ወሬው ቀድሟቸው ሄደ።

ሾላው ጋ ሲደርሱ ባላምባራስ በፈረስ፣ ሰዎቻቸው በጦር ተሰልፈው ጠበቋቸው። ዓይናቸው ደም ለብሷል። ከሦስቱም አገር የሰማ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጥቷል። ደሟ ደማችን ነው ያሉት ገዥዎችም መጥተዋል፤ እነሱ እንኳ ትንሽ ራቅ ብለው ነው የቆሙት።

«ልጄ በማን እጅ ሞተ?» አሉ ባላምባራስ።

ሰው ሁሉ ትርንጎን አየ። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። እሷ ከተገደለች ከዚያን ቀን ወዲህ እንጨት የሚይዝ ሰው አይኖርም፤ ሾላው ሥር የተኛ ሁሉ እንደ ድሮው እዚያው ይቀራል። እሷ ከካደች ደግሞ ደሙ ሸንበቆ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ሌላ እልቂት ነው።

ትርንጎ ካባዋን አወለቀች። አጥፋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ወደ ፊት ወጣች።

«በእጄ ነው» አለች።

ባላምባራስ ጦራቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ዘርጋው ከቃሬዛው ኋላ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ እሷ እንጨት አልያዘችም! እንጨት የያዝኩት እኔ ነኝ። በእጄ ነው!»

ባላምባራስ ጦሩን ወደ ዘርጋው አዞሩ። ከገዛ ሰዎቻቸው መካከል ጓንጉል እያነከሰ ወጣ። «በእጄ ነው» አለ። ውሸቱን ነው። በዚያን ዕለት ማር ሲቆርጥ ነው የዋለው፤ ጺሙ ላይ ሰም ነበረበት ይላሉ። ሸክላ ሠሪው ወጣ፤ «በእጄ ነው» አለ። ሸማኔው የተወጋ ጀርባውን ይዞ ወጣ፤ «በእጄ ነው» አለ። ወንድሙ ወንዙ ዳር የወደቀበት የሸንበቆ ሜዳ ሰው ወጣ። ቋንቋውን አያውቅም። የሰማውን ድምፅ እየተከተለ፣ አፉን እያጣመመ «በእጄ ነው» አለ። ሴቶች ወጡ። ወታደሮች ወጡ። ያ ፊታውራሪ እንኳ ጎራዴውን ለአሽከሩ ሰጥቶ ወጣ። ሜዳው ሁሉ «በእጄ ነው፣ በእጄ ነው» አለ።

ባላምባራስ ጦራቸውን ይዘው ወዲያ ዞሩ፣ ወዲህ ዞሩ። የሚወጉትን አጡ።

ትርንጎ ወደ ፈረሳቸው ተጠጋች። «ጌታዬ፣ ልጅዎ መሬት ላይ ወድቆ አልሞተም። ሾላ ሥር ብቻውን ሆኖ አልሞተም። ከደጅዎ ከወጣ ጀምሮ መሬት አልነካም፤ አሁንም አልነካም፣ ይዩት። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው የሞተው። ብቻውን አልነበረም ጌታዬ።»

ባላምባራስ ቀና ብለው አዩ። እውነት ነው። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ቆመዋል። ያ ሁሉ ጦር እያለ፣ ያ ሁሉ ነገር ሲባል፣ ማንም አላስቀመጠውም። እዚያ ሾላ ሥር ሰው ለማስቀመጥ የሚደፍር እጅ ጠፍቶ ነበር።

ባላምባራስ ከፈረሳቸው ወረዱ። ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እንዲያ ያለ ጌታ ሰው እያየው ሲያለቅስ ያን ጊዜ ነው የታየው። ከዚያም ቃሬዛው ፊት ሄዱ። ፊቱን የያዘውን ተሸካሚ ትከሻውን ነካ አደረጉት። ገባውና ተወላቸው። ባላምባራስ በሐር ኩታቸው ላይ እንጨቱን ተሸከሙ።

«ከዚህ በኋላ በእጄ ነው» አሉ።

ወደ ጉም አምባ ጉዞ ተጀመረ። ድንበሩን ሲያልፉ የሸንበቆ ሜዳ ሰው አልተመለሰም፤ የቁልቋል በርም ሰው አልተመለሰም። የሦስት አገር ሰው በአንድ ልቅሶ ቤት ተቀመጠ። ባላምባራስ ከሐዘን እንደተነሱ የመጀመሪያው ትእዛዛቸው ኬላው እንዲፈርስ ነው። ከኬላው እንጨት ቃሬዛ ተሠራ። ቁልቋል በር የራሱን አፈረሰ፤ ቃሬዛ ሠራ። ሸንበቆ ሜዳም የራሱን አፈረሰ፤ ቃሬዛ ሠራ። ያ የደም ሕግ በአዋጅ አልተሻረም። የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ ቀረ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ጨው ነጋዴዎች አይተው ወደ በረሃው አገር ወሰዱት። ከበረሃው ወደ ባሕር ጠረፍ ደረሰ። ከባሕሩ ማዶም ተሻግሯል ብለው የሚምሉ አሉ። መልካቸውን የማናውቅ፣ ቋንቋቸው የማይገባን ሰዎች፣ ረሃብ ሲገባ እህል፣ ወረርሽኝ ሲገባ መድኃኒት፣ ጦርነት ሲነሳ ቃሬዛ ይዘው ድንበር ይሻገራሉ አሉ። ይሁን! ደስ ይለኛል። ቢቻል ግን የማን ልጆች እንደሆኑ ቢነገራቸው።

ትርንጎ አርጅታ ሞተች። በሰላም፣ በአልጋዋ ላይ። የት ትቀበር ተብሎ ሦስቱ አገሮች ሊጣሉ ደረሱ። በመጨረሻ በሦስቱም አዞሯት። አፍንጫቸውን ይዘው በደጇ ያልፉ የነበሩ ሰዎች ልጆች እንጨቱን ለመያዝ ተጋፉ። ተራ ያልደረሰው አኩርፎ ቤቱ ገባ። መቃብሯን ብትጠይቁ ሦስቱም አገር የየራሱን ያሳያችኋል። ሦስቱንም እመኑ።

እንግዲህ ለዚህ ነው በእኛ ማህበር ቃሬዛ ሲነሳ ፊቱን የአንዱ መንደር፣ ኋላውን የሌላው መንደር ሰው የሚይዘው። ለዚህ ነው ዝም ያለው የሚቀድመው። ለዚህ ነው ቃሬዛ ሲያልፍ ሠርገኛው ዘፈኑን አቁሞ የሚነሳው፣ ተሟጋቹ ክርክሩን ትቶ የሚሮጠው። ተቀባዩም እንጨቱን ሲይዝ «በእጄ ነው» ሳይል አንድ እርምጃ አይሄድም። ሰውየው ከዳነ እሰየው። ከሞተ ግን የተሸከመ ሁሉ፣ ትንሽ መንገድ የያዘም ቢሆን፣ ልቅሶው ቤት ይገባል። አንድ በአንድ «በእጄ ነው» ይላል። የሟች ዘመድም «እጃችሁ ይባረክ» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። ማን መጨረሻ ላይ ያዘው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በሉ ተነሱ። ላይኛው መንደር ምጥ የጠናባት ሴት አለች ብለው ልከውብናል። ቃሬዛው ያውላችሁ። ቃሉን ማለት የከበደው ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ማንም አይወቅሰውም። ማለት የቻለ ይምጣና እንጨቱን ይያዝ። ትርንጎን እኔ በአፌ እስከዚህ ድረስ ተሸክሜያታለሁ። ከዚህ ወዲያ በእናንተ እጅ ናት።